በወንድሜ ላይ ያላከክሁት ጥፋት

ዌልደን ወረዳ፣ ሚዙሪ
ጥቅምት 9 ቀን 1898

ለማከብርህ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? ኦሪገን ዝናቡ አያባራም ይላሉ፤ የልጅነት ሳልህ እንዳልተነሳብህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ያኔ ለላክህልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ሳልመልስ የቀረሁት ንቄህ አይደለም። «ለአባባ መቃብር ድንጋይ ያቆመ ደግ ሰው ነበር» ያልከውን አንብቤ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፍቶኝ ነው።

ይህን ተቀምጠህ አንብበው።

የወረዳችን ሰዎች የእርስ በርስ ጦርነቱን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። የሚያሰናዳው አቶ ታኬት የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ባለፈው ወር ስለ ባቡሩ አደጋ የጻፈውን ሊያነብልኝ ቤቴ መጣ። የፖም ኬክ ቆርሼ አቀረብኩለት። የደቡብ ወገን ሽምቅ ተዋጊዎች ከድልድዩ በፊት ሐዲዱን እንደፈቱት፣ ባቡሩ ወንዝ እንደገባ፣ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ አሥራ አንድ ቁስለኛ ወታደሮችና እሳት አንዳጁ ሄይንስ እንደሞቱ፣ ሁሉንም በትክክል ጽፎታል። ቀጥሎ ግን እንዲህ ይላል፦ «ሐዲዱ የተፈታው በባቡር ድርጅቱ በራሱ መፍቻ ነው። የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ የጣለው የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ልጅ የሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ብላቴና ነበር።»

«ትክክል ነው እመቤቴ?» አለኝ።

«ትክክል ነው» አልኩት።

«ባለቤትዎም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህንኑ ነው የነገሩኝ» ብሎ ኬኩን ጨረሰ።

ወንድሜ፣ አንተ ቁልፍ አልጣልክም። ቁልፉ እንደ ሁልጊዜው በአባባ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ ነበር። እኔ ነኝ አውርጄ በጓሮ አጥር በኩል ለአንድ ሰው የሰጠሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ባዶ የጭነት ባቡር ነው የምናስቆመው፣ የሰው ጠጉር አይነካም፤ ጦርነቱ ሲያልቅ እወስድሻለሁ» አለኝ። አመንኩት።

ባቡሩ በወደቀ ማግስት የጦር መኮንኑ ቤታችን መጥቶ አባባን ሲያፋጥጥ ታስታውሳለህ። ለአባባ ሰግቼ ነው ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን የሰጋሁት ለራሴና ለዚያ ሰው ነው። «ትናንት ወንድሜ በቁልፉ ሲጫወት አይቻለሁ» አልኩ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። እንደምትክድ ጠብቄ ነበር። «እሷ ካየችኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ትዝ አይለኝም» አልክ። ከራስህ ይልቅ እኔን አመንክ።

የአባባን ቀበቶ፣ ከሥራ መባረራቸውን፣ የሄይንስ ሚስት ዶርካስ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተፋችብህን እኔ አልነግርህም። ግን በአሥራ ስድስት ዓመትህ ስትሄድ ጣቢያው ላይ እጄን ይዘህ፣ «አባባን ያስባረርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልከኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ! ይህን ስጽፍ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

አቶ ታኬት ከሄደ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ያነበበልኝ ነገር አልለቀቀኝም። የሞትኩ እንደሆነ ያ መጽሐፍ የልጆችህ ልጆች እጅ ይገባል። ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ሄጄ፣ «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ የለበትም፤ ስሜን ሳትሸሽግ ጻፍ» አልኩት። ብዕሩን ቀለም ነክሮ፣ «ለማን ነው የሰጡት?» አለኝ። የሻሼን ጫፍ አጠበቅኩ። «ሰውየው በሕይወት አለ?» አለኝ ደግሞ።

«የለም» አልኩት።

የለበስኩትን ጥቁር ልብስ ከአንገቴ እስከ እግሬ አየው። ብዕሩን አስቀመጠ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዶርካስ ዘንድ ደረሰ። በዱላ እየተደገፈች መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለች። «ሠላሳ አራት ዓመት ሰላም ስልሽ ኖርኩ» አለች። «ከገበያ ስንቴ ዕቃዬን ተሸክሞልኛል ያ ባልሽ። እኔ የተፋሁት ግን በሕፃን ልጅ ላይ!» ደጃፌ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ እኔ ለማልቀስ አልደፈርኩም። በመጨረሻ፣ «አድራሻውን ስጪኝ፤ ፈጣሪ ሳይወስደኝ ልጽፍለት ነው» አለች። ጽፌ ሰጠኋት። አሁን በመንገድ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞራለች። ደግ አደረገች።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። መልስም ባትጽፍልኝ አልቀየምህም። የታረመውን ገጽ አያይዤልሃለሁ፤ ለልጆችህ አንብብላቸው። የዶርካስ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አብሮ ከደረሰህ የእሷን አስቀድም።

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፣ ሳልህን ያርቅልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። አባባ ቢኖሩ ኖሮ አንተን ነበር የሚመርቁት።

እህትህ