በፕላስተር ስለተከፈተው ዓይኔ

ይድረስ ለክቡር የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የቁጥጥርና የዘመናዊ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ

ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱም ዓይኖችዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት የማቀርበው በታላቅ አክብሮት ነው። እኔ፣ በመልኬ ሳይሆን በመዝገብ ቁጥሬ የሚያውቁኝ፣ ባልደረቦቼ "ጥቅሻ" የሚሉኝ፣ ከሆስፒታሉ እስከ ሳሙና ፋብሪካው ባለው መስመር ላይ ሃያ ሦስት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። "ደኅና" ስል መምሪያዎ በሚያውቀው ትርጉም ነው፤ ዓይኔ ክፍት ነው።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በመዝገብ ቤት በኩል የጻፍኩት ያገኘውን መልስ ከታች ሲያነቡ ምክንያቴን ይረዱልኛል። ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁ ጉዳዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1. በምስጋና ልጀምር። የዛሬ ዓመት ከስድስት ወር በየአውቶቡሱ ስድስት ስድስት ካሜራ ሲያስገጥሙልን ከልባቸው ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሻጩ ሰውዬ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ፣ በዚህ ዘመን ካሜራ የሌለው መኪና እንደ ዕውር እንደሚቆጠር፣ ገበያው በየዓመቱ እየሰፋ እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ሞዴል አሥራ አንድ ዓይን ይዞ እንደሚመጣ ሲያስረዳን፣ እኛ ሹፌሮች ባሉን ሁለት ሁለት ዓይኖች አፍረን አንገታችንን ደፍተን ነበር። ያለ ስላቅ ልናገርና፣ የኋላዋ ካሜራ ባለውለታዬ ናት። አንድ ቀን ከፌርማታ ወደ ኋላ ልል ስል፣ የተበተነ ሎሚውን ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ሽማግሌ አሳይታኛለች። በስፖኪዮ ብቻ ቢሆን አላየውም ነበር። ስለዚያ ሽማግሌ ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ። ችግሩ እሷ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳትቆይ መጥፋቷ ነው። የግራ ጎኗ ካሜራም ተከተለቻት። ሦስት ጊዜ የብልሽት ቅጽ ሞልቼ አስገባሁ፤ "ዕቃው ይመጣል" ተባልኩ። የእኔን ፊት የምታየዋ ስድስተኛዋ ካሜራ ግን አንድ ቀን ብትደበዝዝ፣ በማግስቱ ሁለት ቴክኒሻኖች የመሣሪያ ሣጥን ተሸክመው መጡላት። ዓለምን የሚያዩት ይታመማሉ፤ እኔን የምታየዋን ጉንፋን እንኳ ይዟት አያውቅም።

2. የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ ከፊቴ ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ጎማ ያፈናጠረው ድንጋይ የፊት መስታወቱን ሰብሮ የግራ ዓይኔን ቆብ ቆረጠው። ሐኪም ሰፋው። ዕይታዬ አልተነካም፤ ቆቡ ግን ግማሽ መንገድ ወርዶ እዚያው ቀረ። "ጥቅሻ" የተባልኩትም ለዚህ ነው። መንጃ ፈቃዴን ባሳደስኩ ቁጥር የዓይን ምርመራውን ያለ ችግር አልፌአለሁ። ማስረጃው ግል ማኅደሬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማኅደር የሚያይ ካሜራ ስላልተገዛ ግን መምሪያዎ አላየውም። ካሜራዋ በመጀመሪያው ቀን ፊቴን አየችና ፈረደች፤ ይህ ሰው ተኝቷል።

3. ፍርዷን ደግሞ በልቧ አትይዝም። "ውድ ሹፌር፣ እንቅልፍ ላይ ነዎት፤ እባክዎ ያቁሙና ይረፉ" ትላለች፣ ባማረ የሴት ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር በሚሰማ ድምፅ ማጉያ። በአንድ ቀን አርባ አንድ ጊዜ ብላኛለች። አንዲት እናት የሴት ልጇን እጅ ይዛ "ነይ እንውረድ፣ ሰውዬው ተኝቷል!" እያለች በሩን ስትደበድብ፣ አንድ ጎልማሳ ትከሻዬን በጃንጥላው ጫፍ ነካ አድርጎ "ነቃ በል እንጂ ወንድሜ፣ ሰው እኮ ነው የጫንከው" ሲለኝ፣ እኔ መንገዴን እያየሁ እነዳ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ለደም ግፊት ክትትል የሚሄዱ አንዲት እማማ ግን ከኋላዬ ያለውን ወንበር ያዙልኝ።

"ልጄ፣ ነቅተሃል?" ይሉኛል።

"ነቅቻለሁ እማማ።"

"እቺ ግን ተኝቷል ትላለች።"

"እሷ አታውቀኝም እማማ።"

"እንግዲያው እኔ ላውራልህ" ብለው፣ ከሆስፒታሉ እስከ ፋብሪካው ድረስ፣ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር የተካሰሱትን ክስ ከነይግባኙ ይተርኩልኝ ነበር። ወር ሳይሞላ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ሦስተኛው ስንብት መሆኑም ከሥሩ ተሰምሮበታል።

4. ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ወጣቱ ባለሙያ ከመቀመጫው ተነስቶ አክብሮ ተቀበለኝ፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነው። ፊቴን በስክሪን ላይ አሳየኝ፤ በግራ ዓይኔ ዙሪያ ቀይ ሳጥን ተሰምሯል። "ጋሼ፣ ሲስተሙ እኮ አይሳሳትም" አለኝ። "እርስዎ ትንሽ ዓይንዎን ከፈት ያድርጉት እንጂ።"

"ልጄ፣ ከዚህ በላይ አይከፈትም።"

"እንግዲህ የሚከፈትበትን መላ ይፈልጉለታ!"

እርስዎም በዚያች ደቂቃ በኮሪደሩ ሲያልፉ ነገሩን ሰምተው፣ እርምጃዎን ሳይገቱ፣ "ሰው ይዋሻል፣ ካሜራ አይዋሽም" የምትለዋን ጣል አደረጉልኝ። እንደ መመሪያ ተቀበልኳት። መላም ፈለግሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልከፋፍለው ሞክሬ አልሆነልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደሆነው ልንገርዎ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቷ ረቂቅ ሥራ ያውቃል። በየማለዳው መስታወት ፊት አስቀምጣኝ፣ ግልጹን የቁስል ፕላስተር እንደ ክር አቅጥና ቆርጣ፣ የዓይኔን ቆብ ወደ ላይ ስባ ከግንባሬ ጋር ታጣብቀዋለች። በመጀመሪያው ቀን "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ዓይን ታጠፋዋለህ" አለችኝ። "ሥራዬን ከማጣ ይሻላል" አልኳት። ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አጣበቀችው። ሰው ሲምል "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ይላል፤ እኔ ሳልምል አደረግሁት።

ካሜራዋ ዝም አለች። ተሳፋሪው ተረጋጋ። እማማ እንኳ ወሬያቸውን አሳጠሩ። የማይጨፈን ዓይን ግን ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይቃጠላል፤ ሲቃጠል እንባው አይቆምም። ረፋዱ ላይ በግራ በኩል ያለው ዓለም ዝናብ እንደመታው መስኮት ይሆንብኝ ጀመር። መምሪያዎ በዚያው ሰሞን "የሩብ ዓመቱ ንቁ ሹፌር" የሚል ምስክር ወረቀት በእርስዎ ፊርማ ሸለመኝ። ከልብ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ሲያጨበጭብልኝ በግራ በኩል የተቀመጡትን ሰዎች መልክ መለየት አልቻልኩም ነበር።

ማቆም ነበረብኝ። ይህችን ለእርስዎ አላካፍልም፤ የእኔ ናት። ማየት ያቃተው ሰው መሪ መያዝ እንደሌለበት ለሃያ ሦስት ዓመት ሹፌር ማንም ሊነግረው አይገባም።

አንድ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብስ ንጽሕና መስጫው ጥግ ወደ ግራ ስታጠፍ፣ አንዲት መንገድ ጠራጊ ጋሪዋን እየገፋች የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ነበረች። ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ለብሳለች፤ ሰው ከሩቅ እንዲያያት ተብሎ የተሰፋ ልብስ። የግራዋ ካሜራ የለችም። የግራ ዓይኔ ውኃ ሞልቶታል። መጀመሪያ የሰማሁት ጋሪው ሲገለበጥ ነው። ፍሬን ይዤ ስወርድ፣ መጥረጊያዋን እንደጨበጠች አስፋልቱ ላይ ተጋድማ "እግሬስ? እግሬ የት አለ?" ትላለች። እግሯ አልተቆረጠም፤ ከጭኗ ላይ ተሰብሮ ከበታቿ ታጥፎ ነው። አጠገቧ ተንበርክኬ ፕላስተሩን ከግንባሬ ገነጠልኩት። በሁለት ዓይኔ ያየኋት ያኔ ነው።

የአደጋ መርማሪ ኮሚቴዎ በሦስተኛው ቀን ተሰብስቦ ሃያ ደቂቃ ተወያየ። የግራዋ ካሜራ የምትመሰክረው አልነበራትም። የፊቴ ካሜራ ግን ቃሏን ሰጠች፤ የሹፌሩ ዓይኖች ክፍት፣ ንቃቱ ከመቶ ዘጠና ስምንት። ሹፌሩ ንቁ ስለነበረ ጥፋቱ "ሳትጠነቀቅ መንገድ የገባችው እግረኛ" ሆኖ ተወሰነ። የውሳኔው ቅጂ ለትራፊክ ፖሊስ ተልኮ መዝገቡ ተዘጋ፤ ለአሠሪዋ ለጽዳት ጽሕፈት ቤቱም ተላከ፤ እነሱም ሆስፒታል እንደተኛች ከሥራ ምድቧ አነሷት። እኔ ነፃ ወጣሁ። ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያወጣ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሆስፒታል ሄድኩ። እግሯ በብረት ተወጥሮ ተኝታለች።

"ማን ልበል?" አለችኝ።

"ሹፌሩ ነኝ።"

"ወረቀቱ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል አሉ" አለች። "ግራ ቀኜን አይቼ ነበር የገባሁት። ሌሊቱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነው የማድረው። ግን ካሜራ ካለ፣ ምናልባት አላየሁ ይሆናላ። ራሴን መጠርጠር ጀምሬአለሁ።"

ክቡር ሆይ፣ የተሰበረ እግሯን አይቶ የቻለው ልቤ እዚህ ላይ አልቻለም።

"አይተሻል እኅቴ" አልኳት። "ያላየሁት እኔ ነኝ።" የፕላስተሩን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልሄድ ስነሳ ሳትዞር ተናገረች፤ "ይህን ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ እንዳትቀር።"

በማግስቱ የእምነት ቃሌን በአራት ገጽ ጽፌ ለመምሪያዎ አስገባሁ። የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል እነሆ፦ "የሹፌሩ ቃል ከሲስተሙ ማስረጃ ጋር ስለሚቃረን ተቀባይነት የለውም። ሹፌሩ ድንጋጤ ላይ ስለሚገኝ የአሥር ቀን ዕረፍት ተፈቅዶለታል።" በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሳልለምን የተሰጠኝ የመጀመሪያው ዕረፍት ስለሆነ እጅ እነሳለሁ።

በዕረፍቴ ሁለተኛ ቀን ትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪዋ ሳጅን እስክጨርስ ሰማችኝና ብዕሯን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ አልነበርኩም፣ አላየሁም ነው የሚለው። እርስዎ ነፃ ነህ የሚል ወረቀት በእጅዎ ይዘው ክሰሱኝ ይላሉ?"

"እኔም አላየሁም ነው የምለው" አልኳት። "ልዩነቱ እውነቴን መሆኑ ነው።"

ዓይን ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። ሐኪሟ የዓይኔ ፊት ከድርቀት የተነሳ ጠባሳ ማውጣቱን፣ የግራ ዕይታዬም እንደ ቀድሞው እንደማይመለስ ጽፋ ፈረመች። መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። መንጃ ፈቃዴን በገዛ እጄ አስረክቤአለሁ፤ በሚመጣው ወር ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። መንገድ ጠራጊዋ በክራንች ወደ ቤቷ ገብታለች። ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል ቅጂ ስወስድላት፣ በሩ ላይ እንደቆመች አንብባ ጨረሰችና "ለካ አላበድኩም" አለች። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም።

ይህ የእኔ ነገር ነው፤ አልቋል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። መነጽር የሚያደርግ ባልደረባ አለኝ። የመነጽሩ ነጸብራቅ ካሜራዋን ስለሚያውካት "የሹፌር ዓይን አልተገኘም" ትለዋለች። ስለዚህ መነጽሩን ኪሱ ከትቶ ይነዳል። የንቃት ነጥቡ ከእኔም ይበልጣል። ለምኜው ነበር፤ "አንተ ጡረታህ ደርሷል፣ እኔ ሦስት ልጅ አለኝ" አለኝ። እርስዎ ይህን በሚያነቡባት ደቂቃ ሰባ ሰው ጭኖ እየነዳ ነው። ስሙን ብሰጥዎ የሚባረረው እሱ እንጂ ካሜራዋ እንዳልሆነች ስለማውቅ አልሰጥዎትም። ነገር ግን ሹፌሮቹን ሁሉ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሰልፍ አስይዘው፣ ከሐኪም ጋር ሆነው፣ በዓይንዎ በብረቱ ቢያዩአቸው ማን እንደሆነ ለመለየት አይቸገሩም። በዚያው አጋጣሚ በሴትዮዋ ላይ የተላለፈውን ውሳኔ ቢሽሩና ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለጽዳት ጽሕፈት ቤቱ ቢጽፉ፣ ቢቻል ፍርድ ቤቱ ሳያዝዎት፣ ውለታዎን አልረሳም።

ውድ ጊዜዎን ስለሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ኮሪደርዎም ሰው ቆሞ የሚነጋገርበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

በእርስዎ መዝገብ እስከ ዛሬ ንቁ፣
በገዛ ቃሉ ጥፋተኛ የሆነው፣
የቀድሞ ሹፌርዎ
ጥቅሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእርስዎ የተመደበችው አዲሷ መኪና ከእኛዋ የማታንስ ካሜራ ይዛ መምጣቷን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ካሜራዋ ከሹፌርዎ ፊት አልፋ የኋላ ወንበሩንም ስለምታይ፣ በገባች በሁለተኛው ቀን በጥቁር ጨርቅ እንድትሸፈን አዘዋል አሉኝ። ከጨርቁ የተረፈ ካለ፣ መቶ አርባ ሹፌሮች ወረፋ ይዘዋል።