ከሸሚዞች ጋር የማወራው እንግሊዝኛ

ለውድ አባቴ፣

ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ተሻለዎት? ዓይንዎስ፣ ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ አሁንም ያስቸግርዎታል? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ የስፌት መኪናዎ ሳይቀር ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም።

ሥራዬ ያው ላውንደሪ ቤት ልብስ መተኮስ ነው፤ የምገባው ከሰዓት በኋላ ነው። እንፋሎቱ ክፍሉን ሲሞላው ግድግዳው ይጠፋና እኔና መስቀያ ላይ የተደረደሩት ሸሚዞች ብቻ እንቀራለን። ያኔ በእንግሊዝኛ አወራቸዋለሁ፤ እንዴት እንደዋሉ፣ ማን እንዲህ እንዳጨማደዳቸው እጠይቃቸዋለሁ። መቼም ሸሚዝ አይስቅብኝም። ባለፈው ሳምንት በወሬው ተመስጬ የአንድ ሰውዬ ሱሪ መስመሩን በፊት መሆኑ ቀርቶ በጎንና በጎን አወጣሁት። ያውም የልብስ ሰፊ ልጅ! ቢያዩኝ ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ እንድሆን መጠየቄን ነግሬዎት ነበር። የእንግሊዝኛ ትምህርቴም ጠዋት ስለሆነ፣ እርስዎ ትምህርቱን ትቼ ሹመቱን እንድይዝ፣ እንግሊዝኛ ተናገሪ ያለኝም እንደሌለ ጻፉልኝ። እውነትዎን ነው፣ ማንም አላለኝም።

አስተማሪያችን ለምን እንደምንማር በየተራ ጠየቀችን። አንዷ ለሥራ፣ አንዱ ለፈተና አለ። የኔ ተራ ደረሰ። እንግዳ በመጣ ቁጥር በር ኋላ እሸጎጥ የነበርኩት ልጅዎ ብድግ ብዬ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ የራሴን ድምፅ መስማት ደስ ስለሚለኝ ነው አልኩ። በዚያ ቋንቋ ዓይን አፋር መሆኔን የሚያውቅ የለም፤ እኔም ራሴ እረሳዋለሁ። ሰሞኑንማ በሕልሜ ከእናቴ ጋር በእንግሊዝኛ ስንጨዋወት አየሁ። ስነቃ አንድም ቃል ትዝ አላለኝም፤ ሳቃችን ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

አባቴ፣ ሹመቱን እምቢ ብያለሁ። ለአለቃዬ ከመንገር ይልቅ ለእርስዎ መጻፉ ነው የከበደኝ፤ በዕድሜዬ ቃልዎን አልፌ አላውቅምና። ይቆጡኝ፣ ግን አይቀየሙኝ።

ለእናቴ ናፍቆቴን፣ ለአክስቴ የከበረ ሰላምታዬን፣ ለዚያ ለፍላፊ ወንድሜ ደግሞ አንድ የጆሮ ቁንጥጫ ያድርሱልኝ። ይህንን ደብዳቤ እንደ ልማድዎ በልብዎ አንብበው ኪስዎ አይክተቱት። ሁሉም ተሰብስበው ሳሉ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ እምቢ ያልኩበት ጋ ሲደርሱም ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉት።

አክባሪ ልጅዎ
ከመተኮሻው ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ
ማክሰኞ፣ የካቲት ፱ ቀን