አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ፍሬዝኖን ዘንድሮ ሙቀቱ ፈጃት ሲሉ ሰምቼ፣ አንቺ እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ የወይን ቅጠል ስትመርጪ ታየኝ። ባርኔጣሽን አድርጊ። ማንም አይስቅብሽም፤ የሚስቅ ካለም ይሳቅ። ዘቢቡ ተሰጣ ወይስ ገና ነው? ቫዝገን ትራክተሩን አስጠገነው ወይስ እንደ ልማዱ "ነገ ነገ" እያለ ነው? ታናሼ ቢሆንም እሱ አጠገብሽ ስላለ ነው እኔ እዚህ እንቅልፍ የሚወስደኝ።

እኔ ደህና ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጻፍኩት እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ልድገመው፤ ደህና ነኝ።

ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁት አንቺን ሸሽቼ አይደለም። በስልክ ገና "ሃሎ" ከማለቴ ድምፄን ትመረምሪዋለሽ። "በልተሃል? ምን ሆነሃል? ማን አስከፋህ?" እያልሽ መግቢያ ታሳጪኛለሽ። እኔ ደግሞ ይህን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልቋረጥ ልነግርሽ ፈልጌያለሁ።

ባለፈው "ዘንድሮም በቴሌቪዥን አላየሁህም፤ ያ የሰኔው ትልቁ የቪዲዮ ጌም ኤግዚቢሽን ምን ዋጠው?" ብለሽኝ ነበር። እኔም "ቀረ እኮ እማዬ" ብዬ ወሬ ቀየርኩብሽ። አሁን ልንገርሽ።

አንቺ የምታውቂው በቴሌቪዥን ያየሽውን መብራትና ጩኸት ነው። እኔ የማውቀው ሰዉን ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ ያለው አዳራሽ ከየአገሩ በመጣ ሰው ይጥለቀለቅ ነበር። አዲስ የጌም ማሽን ቀድሞ ለመንካት አስፋልት ላይ የሚያድር ነበር። በር ላይ ቋሊማ በሽንኩርት የሚጠብሱት ሴቶች ጭስ አዳራሹ ድረስ ይከተለናል። እኔ የኩባንያችን ማሳያ ጋ ቆሜ ጆይስቲክ አቀብላለሁ፣ አሳያለሁ፣ እሰደባለሁ። አዎ፣ እሰደባለሁ! አንዱ ከቴክሳስ ድረስ መጥቶ ጆይስቲኩን አፍንጫዬ ላይ ደቅኖ "እኔ ሳልነካው ወደ ግራ ይሄዳል! ሰይጣን ሸጣችሁልኝ እንዴ?" ብሎ ሲጮህብኝ፣ ከኋላዬ ቡና የያዙት አለቆች ጆሯቸው ድረስ ይቀላሉ። የዚያ ዓይነት ስድብ መድኃኒት ነበር እማዬ። በሚቀጥለው ዓመት ጆይስቲኩ ተሻሽሎ ይመጣል። ሰው ፊቱን እያየ የሚሰድበው ነጋዴ ትንሽም ቢሆን ያፍራል።

ሚስስ ኧርሊንንና ባሏን ሚስተር ዌንደልን የተዋወቅኋቸው እዚያ ነው። ኢንግልዉድ የሚኖሩ ሽማግሌ ጥቁር ባልና ሚስት ናቸው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ እሷ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ። በየዓመቱ በወጣቶቹ መሃል አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ሚስስ ኧርሊን ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አንብባ "ኖ... ራ... ይር? ልጄ፣ ይሄ ስም አፌን አደናቀፈው። ኖህ ብልህስ?" አለችኝ። ሚስተር ዌንደል ደግሞ "እሺ በላት፤ እኔንም በስሜ ጠርታኝ አታውቅም" አለ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሰልፉን አሳልፋ ከሩቅ "ኖህ! መርከቡ ደረሰ ወይ?" ብላ ትጣራለች። የዓመቱ ምርጥ ቀኔ እሱ ነበር። የሚወዱት ዓሣ የሚጠመድበት ደሴት ያለውን፣ ጸጥ ያለውን ጌም ነው። ለሁለት ይጫወቱታል፤ እሷ ታጠምዳለች፣ እሱ ያሾፍባታል።

ኤግዚቢሽኑ በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ አንዱ ትልቅ ኩባንያ "አልመጣም" አለ፤ ቀጥሎ ሌላው። የቀረነው ጥቂት መሆናችን እንዳያስታውቅ ባዶውን ቦታ በጥቁር መጋረጃ ሸፈኑት፤ በአዳራሹ መሃል ስሄድ ለቅሶ ቤት የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ወረርሽኙ መጣና በሩ ተዘጋ። ወረርሽኙ ሄደ፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። የኛዎቹ አለቆች አላዘኑም። አሁን በዓመት አንዴ ያማረ ፊልም ሠርተው በኢንተርኔት ይለቁታል። ፊልም አፍንጫ የለው፣ ጆይስቲክ የሚደቅንበት የለም።

እኔንም ወደ ደንበኞች አገልግሎት አዛወሩኝ። ይህን ነግሬሽ ነበር፤ ግን ምን እንደምሠራ አልነገርኩሽም። ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ ይልካል፣ እኛ በጽሑፍ እንመልሳለን። ማንም በስሙ አይሠራም፤ እኔ "ኬቨን" ነበርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "ሎረን" ነበረች፤ እውነተኛ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ምሳችንን እያንዳንዳችን መኪናችን ውስጥ ነበር የምንበላው። ብዙ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከብዙ ሰው ጋር ስጻጻፍ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ድምፄን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

መልሶቹ ተዘጋጅተው ነው የሚሰጡን። አንድ ሰውዬ የኢንተርኔት መደብራችን ሲዘጋ የገዛቸው ጌሞች አብረው ጠፉበት። "መጥታችሁ መደርደሪያዬን አራገፋችሁት ማለት አይደለም እንዴ?" ብሎ ጻፈ። መልሱ ተዘጋጅቷል፤ "የገዙት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ጨዋታውን አይደለም። ስለተሰማዎት ስሜት እናዝናለን።" ጣቴን ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ጫን አደርጋለሁ።

በመጋቢት አንድ ጽሑፍ መጣ። አረፍተ ነገሩ ረጅም፣ ፊደሉ ሁሉ ትልቅ።

ሴትዮዋ ባሏ መታመሙን ጻፈች። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱም ተዘጋ። የቀረው ግራ እጁ ነበር። በዚያ እጁ ጆይስቲክ ይዞ፣ በጌሙ ውስጥ ትንሹን ሰውዬውን እየመራ ወደ እሷ ትንሽ ሴትዮ ይወስደውና ወደቡ ላይ አጠገቧ ያስቀምጠዋል። ሌላ የሚላት ነገር አልነበረውም፤ እሷም ሌላ አልጠየቀችም። ሲሞት ትንሹ ሰውዬ እዚያው ወደቡ ላይ፣ ያስቀመጠው ቦታ ቀረ። ከዚያ ጀምሮ በየምሽቱ ማሽኑን እየከፈተች ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች። ከዚያ ማሽኑ ተበላሸ። ሰፈር ያለው ጠጋኝ "ከነሱ ፈቃድ ውጭ ከነካሁት ጭራሽ አይሠራም፤ እንዲህ አድርገው ነው የሚሠሩት" ብሎ መለሰላት። ወደኛ ላከችው። እኛ ደግሞ የሌላ ሰው የነበረ፣ ታጥቦ የተወለወለ ማሽን ላክንላት። ውስጡ ባዶ። በባሏ ስም የተከፈተው የጌሙ አካውንትም፣ መሞቱን በቅንነት ስለነገረችን ተዘግቷል።

"አዲሱን ውሰዱት" ብላ ጻፈች። "የኔን መልሱልኝ። ማብሪያውን በዳበሳ እንዲያገኘው አረንጓዴ ቴፕ ለጥፌበታለሁ፤ በሱ ታውቁታላችሁ። ያ አዳራሽ ቢኖር ኖሮ ኖህ የሚባል ልጅ ነበር፤ ሄጄ ለሱ እነግረው ነበር። እሱ ይሰማኛል። አንተን አላውቅህም ኬቨን፤ ክፉ ነህ አልልም፣ ግን አላውቅህም።"

እማዬ፣ ጣቴን ጫን አላደረግሁም። ማያው ላይ የተዘጋጀው መልስ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ "በሐዘንዎ እናዝናለን፤ አካውንት በውርስ አይተላለፍም።" ሎረንን ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷ የራሷን ጫን ጫን ታደርጋለች። ሚስተር ዌንደል መሞቱን የሰማሁት እንዲህ ነው። ያ አሾፊ ሰው። ለቅሶ እንኳን የምደርስበት መንገድ የለኝም፤ ኬቨን ነኛ።

ሁሉንም አጠፋሁትና "ሚስስ ኧርሊን፣ እኔ ኖህ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ "በእግዚአብሔር በል" የሚል መጣ። "ሸሚዛችሁ ብርቱካናማ ነበር፤ መርከቡ ገና አልደረሰም" ብዬ መለስኩላት። "አገኘሁህ" አለች። ሌላ አልጻፈችም።

በማግስቱ አለቃዬ ብሬንት ጠራኝ። የምንጽፈው ሁሉ ይነበባል። "ስምህን ነገርካት?" አለኝ። "ስሜን አይደለም፤ እሷ ያወጣችልኝን ነው" አልኩት። አልሳቀም። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ድሮ አዳራሹ ውስጥ አብሮኝ ሲሰደብ የነበረ ነው። ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ "ጥቂት ብታርፍ ይሻልሃል" አለኝና የመግቢያ ካርዴን ተቀበለኝ። እኔም እያረፍኩ ነው። ስለዚህ አትጨነቂ።

ጊዜ ሳገኝ ማሪሴላ ጋ ሄድኩ። ማሪሴላ በኤግዚቢሽኑ ጊዜ የአዳራሹን ምንጣፍ ከሚያነጥፉት አንዷ ነበረች፤ አሁን ሳን በርናርዲኖ በኩል የኩባንያችን ማሽን የሚታደስበት መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። አረንጓዴ ቴፕ ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አንተ ሰውዬ አብደሃል! እኛ መጀመሪያ የምንልጠው ቴፑን ነው። እዚህ የገባ ማሽን የማንም አይደለም። ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይወጣል፤ እንደ ሆቴል አንሶላ ቁጠረው" አለችኝ። ለማን እንደሆነ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። "እነዚያ ሸሚዝ የሚያመሳስሉት?" አለች። ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። ተጠግኖ ቢሠራም ቀፎው ስለተሰነጠቀ ለመሸጥ አይሆንም ተብሎ ከሚጣሉት መሃል አግኝታዋለች። ቴፑም አልተላጠም። "ግን ኖራይር" አለችኝ፣ "ውስጡን አጥፍተውታል። ገና ሲገባ ነው የሚያጠፉት። ይዘኸው ስትሄድ እንዳታታልላት።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አድራሻዋን ከቅሬታዋ ላይ ይዤው ስለነበር፣ ሚስስ ኧርሊን ቤት ሄድኩ። ቤቷ አውሮፕላን የሚያርፍበት መንገድ ሥር ነው፤ በየመሃሉ ወሬ ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ያልፋል፣ ወሬ ይቀጥላል። በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ከስተሃል። ሚስት የለህም ማለት ነው" አለች። ያው አንቺን ነው የምትመስለው። ማሽኑን ስታይ በአውራ ጣቷ ቴፑን ዳበሰችው።

በመንገዴ ሁሉ ቃል ስመርጥ ነበር የመጣሁት። እዚያ ስደርስ አንዱም አልቀረልኝም። "ሚስስ ኧርሊን፣ የለም። አጥፍተውታል። ሚስተር ዌንደል ውስጡ የለም" አልኳት።

አውሮፕላን አለፈ።

ከዚያ ተነስታ ማሽኑን ቴሌቪዥኑ ሥር፣ የድሮ ቦታው ላይ ሰካችው። መብራቱ በራ፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ ማያው ላይ "እንኳን ደህና መጡ፣ አዲስ ተጫዋች! ስምዎን ያስገቡ" የሚል ወጣ። ሚስስ ኧርሊን እሱን እያየች ሳቀች፤ ሳቋ እያለ እንባዋ መጣ። "አዲስ ተጫዋች" አለች፤ "በዚህ ዕድሜዬ!" ስሟን አላስገባችም። አጠፋችው። ከቦታው ግን አላነሳችውም።

"ተቀመጥ ልጄ" አለችኝ። "መጥፋቱን ገና በር ላይ ፊትህን ሳይ አውቄዋለሁ። ስንት ጊዜ ጻፍኩላቸው መሰለህ፤ ሁሉም 'እናዝናለን' ነው የሚሉኝ። መጥቶ ዓይኔን እያየ 'የለም' ያለኝ ግን አንተ ብቻ ነህ። አሁን ላለቅስለት እችላለሁ።" አለቀሰችለትም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኋላ ጎመን አሞቀች፣ የበቆሎ ዳቦ ቆረሰች፤ ሚስተር ዌንደል አንዴ ሚስቱን እንደ ተሳፋሪ "ያለ ቲኬት አትገቢም" ብሎ አውቶቡስ በር ላይ እንዴት እንዳቆማት ነገረችኝ። እማዬ፣ እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ነገሩ ይኸው ነው። መጨረሻው ያማረ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ትንሹ ሰውዬ ወደቡ ላይ የለም፣ ወደቡም የለም። እሷም ምሽት ላይ ቴሌቪዥኑን ሳትከፍት ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን አያለሁ።

በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ አዲስ ስለሆነ ግራ እንዳይገባሽ። ለጊዜው ነው። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም መስኮቱ ሎሚ ዛፍ ላይ ይከፈታል፤ ኪራዩንም ሚስስ ኧርሊን "ሲመችህ" ብላኛለች። ደብዳቤ ስትልኪ በዚህ ላኪ፤ ቢሮ አትደውዪ። ወረቀቱ ያንን የአዳራሽ በር ጭስ፣ ቋሊማና ሽንኩርት፣ ቢሸትሽ አትገረሚ፤ ሰሞኑን እጄን ብታጠብ ብታጠብ አይለቅም። ማልጄ ስለምነሳ ደግሞ ከእሑድ በቀር በሌላ ቀን ስልክ ባላነሳ አትቀየሚኝ። ለአዲሱ ዓመት ፍሬዝኖ መምጣቴን ለቫዝገን ገና እንዳትነግሪው፤ ልምጣ አልምጣ አልቆረጥኩም።

የሰፈራችን ሴቶች ስለ ሥራዬ ከጠየቁሽ "ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነው የሚሠራው፤ በገዛ ስሙ ነው የሚጠሩት" በያቸው። እውነት ነው።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ወይንሽን ከዝናብ ይጠብቅልሽ፣ ጧት ስትነሺ የሚያነጋግርሽ ሰው አያሳጣሽ።

የሚወድሽ የበኩር ልጅሽ