አባባ ስልክ አልዘጉብህም

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ያ ወገቧ ተሻላት? ሚጣዬስ ጥርስ አወጣች? እኛ ተመስገን ነው። እማዬ ጉልበቷን እያማረረች ደረጃ መውጣቷን አልተወችም፤ እኔም እንደምታውቀኝ ስፌቴን ይዤ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቅሁ አለሁ። አባባን ከሰላምታው ለይቼ ያስቀረኋቸው አውቄ ነው፤ የምጽፍልህ ስለ እሳቸው ነው። ይህን ይዛልህ የምትመጣው አዋላጇ ጎረቤታችን ናት፤ ልጇን ልትጠይቅ ነገ ወደ እናንተ ትበራለች። አንብበህ ሳትጨርስ ከቤትህ ንቅንቅ እንዳትል ነግሬያታለሁና አርፈህ ተቀመጥ።

የመጨረሻ መልእክትህን አይቼዋለሁ። «አባባ እንደገና ዘጉብኝ፤ ከእንግዲህ አታገናኙኝ» ብለሃል። ከዚያ ወዲህ ብንደውል አታነሳም፣ የላክሁልህን አንዱንም አልከፈትከውም። ሲከፋህ እንዲህ እንደምታደርግ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር። በሠርግህ ቀን የቀሩ አባት፣ ስንት ዘመን ቆይተው «ልጄ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ» ሲሉ፣ ያንተም ልብ ሲንጠለጠል፣ ስልኩ ጭጭ! ደግሞ በሌላው ቀን እንዲሁ፣ ደግሞም እንዲሁ። ማንም ሰው አንተ ያሰብከውን ነው የሚያስበው። ግን አልዘጉብህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ረጅም ስለሆነ ዋይፋዩ ከሳሎን እስከ አባባ መኝታ ቤት አይደርስም ነበር። ስለዚህ ሦስት ነጫጭ ሳጥኖች ገዛሁ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ኮሪደር፣ አንዱ አባባ ክፍል ሆነው መስመሩን እየተቀባበሉ የሚያደርሱ። ሳሎን ተቀምጠን ስናወራህ ተቋርጦ አያውቅም። አባባ ግን ቁም ነገር ሊነግሩህ ሲሉ ስልኩን ይዘው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። እንባቸውን እንዳናይባቸው ነው፤ እሳቸው እንኳ ጉንፋን ነው ይላሉ። እዚያ ሲደርሱ ምስልህ ይደርቃል፣ ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ትጠፋለህ። እሳቸው ደግሞ የዘጋህባቸው አንተ እየመሰልካቸው «ደግ አደረገ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት» ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሳጥኖቹን ነቅዬ ሰካሁ፣ ወዲያና ወዲህ አዟዟርኳቸው፣ ፍሪጁን ጥፋተኛ አድርጌ ወደ ጓዳ አባረርኩት። እማዬ አቧራ እንዳይነካቸው ብላ ያለበሰቻቸውን ዳንቴል ስገፍ «እርቃናቸውን አስቀረሻቸው» ብላ አኮረፈች። የመስመሩ ባለሙያም መጥቶ ለካ፣ ሞከረ፣ ምንም የለውም ብሎ ሄደ። እውነቱን ነበር። እኔ አባባ ክፍል ገብቼ ስሞክረው እንከን የለበትም፤ እሳቸው ሲገቡ ቀጥ ይላል። እማዬማ «ይኼ ነገር ሰው ይመርጣል» ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ በሆዴ አባባን ጠረጠርኳቸው፤ ሊናገሩ ፈርተው ራሳቸው እየዘጉት ይሆን አልኩ። ይህን እንዳትነግርብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፍቼ፣ ሳጥኑ ላይ አፍጥጬ ሳለሁ አባባ ሊያርፉ መጡ። የኮሪደሩን መብራት ቀጭ አድርገው አጠፉ፣ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ቪዲዮው ቆመ። የሳጥኑ መብራት ቀላ። «አባባ፣ አሁን ምን ነኩ?» ብዬ ጮህኩ። «ምን እነካለሁ? መብራት ነው ያጠፋሁት» አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ግምጃ ቤት የጠበቁ ሰው፣ ከኋላቸው መብራት በርቶ ከቀረ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ታውቃለህ። ኮሪደሩ መስኮት ስለሌለው ቀንም መብራት ይፈልጋል። ለካ የኮሪደሩ ሳጥን የተሰካበት የግድግዳ ሶኬት ከመብራቱ ጋር በአንድ ማጥፊያ ተያይዟል! መብራቱ ሲጠፋ የመካከለኛው ሳጥን አብሮ ይጠፋል፤ ታዲያ የአባባ ክፍል ሳጥን ከማን ይቀበል? እኔና ባለሙያው ደግሞ እንዲታየን ብለን መብራቱን እያበራን ነው ስንሞክር የከረምነው። እንዲህ ያለ ጅልነት አይተህ ታውቃለህ?

ልስቅ ብዬ ቀና ስል አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል። «እንግዲያ ልጄ ላይ የዘጋሁት እኔው ነኝ?» አሉ። ማጥፊያው ነው፣ ሽቦው ነው ብላቸው አልሰሙኝም። «በገዛ እጄ» ይላሉ ደጋግመው። አንጀቴን በሉት፤ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ።

አሁን ደግሞ ቃሌን ልበላ ነው። አትንገሪው ብለው አስምለውኝ ነበር፤ «በሕመሜ አዝኖ ይቅር እንዲለኝ አልፈልግም» ብለው። ጉሮሯቸው ላይ እጢ ወጥቶባቸዋል። ሰኞ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ሐኪሙ ለሕይወታቸው አትስጉ ብሎናል፤ ስለ ድምፃቸው ግን ቃል አልገባልንም። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። አሁንም ሻክሯል፤ ትንሽ ሲናገሩ ውሃ ይጎነጫሉ። ይጻፉለት ብላቸው «ሠርግህ ላይ አልገኝም ያልኩት በአፌ ነው፤ ይቅርታውንም የምለው በአፌ ነው» አሉኝ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስከው እንግዲህ እወቅ።

ሳጥኑን ሌላ ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ፤ መብራቱ ቢጠፋም አይጠፋም። አባባ ግን ክፍላቸው ገብተው ማውራቱን እምቢ ብለዋል። ዛሬ ጠዋት ወንበራቸውን ሳሎን መሃል ጎትተው፣ «ያየኝ ይየኝ፣ እዚሁ ነው የማለቅሰው» ብለው ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቅዳሜም እሑድም እንዲሁ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። እስካሁን መስመሩ ነው፣ ሳጥኑ ነው እያልን ስናሳብብ ቆየን። ከእንግዲህ የምናሳብብበት የለንም፤ ጠርቶ ጠርቶ ካልተነሳ፣ ያላነሳኸው አንተ ነህ። እባክህ ወንድሜ፣ እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ።

ባለቤትህን አደራ፣ ወገቧን ሸክም አታብዛባት በልልኝ። ሚጣዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አማትህንም እጅ ነስቻለሁ በላቸው። እማዬ እጅግ አድርጋ ትስምሃለች። ለአባባም ሰላምታ ልጻፍልዎት ወይ ብላቸው «ተይው፣ እኔው ራሴ እለዋለሁ» ብለዋል።

እትዬ ብለህ የምትጠራኝ እህትህ

ከአባባ ሳሎን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተጻፈ።