አባትህ ያላየው ቤት

ካሪያኩ ደሴት፣ አውሎ ነፋሷ ጃኔት ካለፈች በሰባተኛው ሳምንት

ልጄ አልስተን፣ የባሕሩ ጌታ በሰው አገር ይጠብቅህ፤ የእንግሊዝ ብርድ አይንካህ። እኔ ትከሻዬን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ።

አውሎ ነፋሷ ቤታችንን ከነእኔ አንስታ ጎረቤታችን ኢስሚና ጓሮ፣ አተሩ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ሳህን እንኳ አልተሰበረም! እንዴት ብላ ይሆን? አባትህ ግን ይህን አላየም። እንደ ጻፍኩልህ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል ያለፈ መስሎት ጀልባውን ሊያይ ወረደ። ነፋሱ በሌላ በኩል ዞሮ ሲመጣ እሱንም ጀልባውንም ባሕር ወሰዳቸው።

ቅዳሜ ለሟቾቻችን እንደ ደንባችን ሌሊት መጥተው የሚበሉትን ምግብ አዘጋጀሁ፤ የበቆሎ ገንፎ፣ ዓሣና የአባትህን ሩም አረቄ። ግን የት ላስቀምጠው? አባትህ አዲሱን ቦታ በምን ያውቀዋል ብዬ፣ ቤቱ በነበረበት ባዶ ድንጋይ ላይ አኖርኩት። ጠዋት ኢስሚና መጥታ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮዎቼን ነው እንዴ የምትቀልቢው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳህኑም የሩሙ ብርጭቆም ባዶ ነበር። ዶሮ ሩም ይጠጣል እንዴ ልጄ?

ሹራብህን አታውልቅ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አባትህ ካንተ ጋር ይግባባ ስለነበር በሕልምህ ከመጣ፣ ቤታችን ኢስሚና ጓሮ መሆኑን ንገረው። በሩ አሁን ወደ ባሕሩ ዞሯል፤ አይጠፋህም በለው።

እናትህ ክላሪንዳ