አባዬ፣ ልጆቹ ዝም ያሉት ለካ ላንተ ነው

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህ ጥቂት ቀን ስለቀረው እማዬ ድግሱን ጀምራለች፤ ቤቱ ሁሉ ብቅል ብቅል ይላል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ግን ሳልነግርህ ባድር የማይሆንልኝ ነገር ገጥሞናል፤ የሙዚቃ ክፍልህ ሊዘጋ ነበር። ነገር ይዤ መቀመጥ እንደማልችል ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የራሴን ልንገርህ፣ ተመርቄያለሁ። እማዬ ከድሬዳዋ በባቡር ተሳፍራ አዲስ አበባ ድረስ መጣች። ፎቶግራፉ ላይ እኔ ጥቁር ካባ፣ እሷ ጥቁር ቀሚስ ለብሰን ቆመናል። ያየው ሁሉ የምርቃት ነው ሲሉት ይደነግጣል፤ ሁለታችንም ለቅሶ ቤት የምንሄድ ነው የምንመስለው። እዚያው አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቼ፣ መስቀል ሲያልፍ እንድጀምር ተነግሮኝ ነበር። ሐረር የመጣሁት ክረምቱን ከእማዬ ጋር ላሳልፍ ብቻ ነው።

አቦከር ያለው ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ቆርቆሮው ተቀይሯል። ቧንቧ እስከ በራችን ደርሷል፤ ውሃው ግን እንደ ክፉ እንግዳ ነው፣ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ራዲዮኑ ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ተዘግቶ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እማዬ ዜና እንኳ አልሰማም ብላለች። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሰሞኑን ጀጎል ገብቼ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ አለፍኩ። ልብስ ሰፊዎቹ እንደ ድሮው መኪኖቻቸውን ደጃፍ ላይ ደርድረው ያንጣጣሉ። አዲስ ተማሪ በተቀበልክ ቁጥር መጀመሪያ የምትወስደው ወደዚያ መንገድ አልነበር? ጥሩምባ የለ፣ ክላርኔት የለ፤ ልጆቹን አሰልፈህ «እግራችሁን በመኪናው ድምፅ አስኬዱ» ትላቸው ነበር። መኪናው ሲፈጥን መፍጠን፣ ሲቆም መቆም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሙዓሊም፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እነዚህን ልጆች ውሰድልኝ! እነሱ እኔን መከተሉን ትተው እግሬ እነሱን መከተል ጀመረ፤ የሰው ሱሪ ጠመመብኝ!» አሉህ። አንተ ኮስተር ብለህ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እርስዎም ተመዝግበዋል» ስትላቸው መንገዱ በሙሉ ሳቀ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ የጦር ሠራዊቱን ማርሽ ባንድ ለቀህ ሐረር ስትመጣ ዘመድም ቋንቋም አልነበረህም። ላንድ ዓመት ብለህ መጥተህ ዕድሜህን ጨረስክበት። የከተማውን ቋንቋ ሰላምታ በቅጡ ሳትለምድ የዚክር ዝማሬያቸውን የከበሮ አመታት ለመድክ፤ ልጆቹ መምህር ለማለት «ሙዓሊም» እያሉ የተከተሉህ በዚያ ነው ትላለች እማዬ። ማንም ልጅ ዜማውን በአፉ ሳያወጣ መሣሪያ አታስነካም ነበር። «አፍ ያላወቀውን ጣት አያውቀውም» እያልክ ስንቱን አስለቅሰሃል። እኔን ኖታ ስታስተምረኝ እማዬ ያለችህን መቼም ሞትም አያስረሳህም፦ «ሴት ልጄን የእድር ጥሩምባ ነፊ ልታደርግልኝ ነው? ማለዳ ማለዳ እየተነሣች ሞት ልትለፍፍ?» ከዚያ በኋላ ስምምነት ተደረገ፤ ኖታውን ላንብብ፣ ጥሩምባውን አልንፋ። ዛሬ ያ ስምምነት ምን ጣጣ እንዳመጣብኝ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ሲከፈት መምህራኑን ልሳለም ሄድኩ። ክፍልህ ተቆልፏል። በመስኮቱ ስመለከት ከበሮው ላይ አቧራ፣ ወንበሮቹ ላይ የሸረሪት ድር ነው። አዲሱ ዳይሬክተር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ቁርጡን ነገሩኝ። «አባትሽ ካረፉ ወዲህ አንድም ልጅ ቁልፉን ጠይቆኝ አያውቅም። የሙዚቃ መምህር የሚልክልን የለም። ክፍሉን የታይፕ መማሪያ ላደርገው ነው። የፊታችን ቅዳሜ መኪና መጥቶ መሣሪያዎቹን ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ዕቃ ቤት ይወስዳል።» ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

እቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ብቅሉን በሰፌድ እያንገዋለለች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ትተውታል» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ በደረሰ ቁጥር አሁን ይሰማኛል፣ አሁን ይሰማኛል እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልነፉም። አፈር የገባን ሰው ማን ያስታውሳል ልጄ።» ከንዴቴ የተነሣ ምሳ አልበላሁም። እንደዚያ የደከምክላቸው ልጆች!

በማግስቱ ሸዋ በር ገበያ ላይ ኢብሳን አገኘሁት። ኢብሳ ያ ክላርኔት ነፊህ፣ የጀጎሉ ልጅ፤ አሁን ጺም ቢጤ ጣል አድርጎለታል። ብርቱካን በዘንቢል ተሸክሞ ከእናቱ ኋላ ኋላ ይሄዳል። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«አንተ ጉደኛ! ክላርኔቱን ለማን ጥለህ ነው ብርቱካን የምትሸከመው? አባቴ ሲሞት አብሮ ሞተ?»

ልጁ ክው አለ። «እትዬ ጽጌ፣ ሐዘን ላይ አይደላችሁም እንዴ?» አለኝ።

«ብንሆንስ?»

«የእናንተ ሐዘን ዓመት ነው ተባልን። እማማ ጥቁር እንደለበሱ እኛ ጥሩምባ ብንነፋ 'ሙዓሊም ሞተላቸውና ጨፈሩ' አይባልም? ወላሂ፣ ሙት ዓመታቸው ሳይወጣ ማንም ቁልፉን እንዳይጠይቅ ተማምለናል። ሲያፏጭ የተገኘ እንኳ ጆሮውን ይጠመዘዛል። ትንሹ ወንድሜ ሁለቱም ጆሮው አልቋል።»

እናቱ ዘወር አለች። ለቅሶህ ጊዜ ከአፎቻ እድሯ ጓደኞቿ ጋር መጥታ፣ ለራሷ ሰው እንደሚደረገው፣ ከእማዬ ጎን የተቀመጠችው እሷ ናት። «እኛ ዘንድ ሐዘን ሦስት ቀን ነው» አለችኝ። «ግን የሰው ሐዘን በሰውየው ቤት ሥርዓት ነው የሚያዘው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋት አለው?»

ጥፋትማ ምን አለው። ልጆቹ ላንተ ብለው ዝም አሉ። እማዬ ዝምታውን ሰምታ ረሱት አለች። ዳይሬክተሩ ዝምታውን ሰምተው ፈላጊ የለውም አሉ። ሁሉም በየቤቱ ሌላውን ሲጠብቅ መኪናው መንገድ ጀምሯል። ኢብሳን በል አሁኑኑ ሄደን ቁልፉን እንጠይቅ ስለው፣ «ከእማማ አፍ ካልሰማሁ አልነካም» ብሎ ድርቅ አለ። ለሙት ዓመትህ ሦስት ሳምንት፣ ለቅዳሜ ሁለት ቀን ነበር የቀረው።

ስለዚህ የቀረው የእማዬ ቃል ነው። ቀላል እንዳይመስልህ። የእድሩን ሴቶች ታውቃቸዋለህ፤ የባሏ ሙት ዓመት ሳይወጣ ጥሩምባ አስነፋች ከተባለች ዕድሜ ልኳን ሲነሣባት ይኖራል። እኔ አንድ ቀን ሐረርን ለቅቄ እሄዳለሁ፤ ከነሱ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«የሚያፏጨውን ሁሉ ጆሮውን ይጠመዝዙት ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

ሳቀች አባዬ። ከሞትክ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ለነገ ጫማዋን እንድወለውልላት ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ጥቁሯን እንደ ለበሰች ትምህርት ቤት ገባችና ቁልፉን ራሷ ጠየቀች። ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በር ላይ ተኮልኩለው መግባት የፈሩትን ልጆች «ምን ትገተራላችሁ? ግቡና ንፉ» አለቻቸው። የነፉትን ባትሰማ ይሻልሃል። የጥሩምባዎቹ የጣት መጫኛ ደርቆ አልወርድ አለ፤ የኢብሳ ክላርኔት የአፉ ሸምበቆ ተሰንጥቆ እንደ ታነቀ ዶሮ ይጮሃል፤ ከበሮ መቺው ብቻውን ቀድሞ ማርሹን ጨርሶ ሌሎቹን ይጠብቃል። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ሙዓሊማችሁ ይህን ቢሰማ ዳግመኛ ይሞት ነበር» አለች። «በሉ ድገሙት።»

ሲደግሙት ዳይሬክተሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። እማዬ ብድግ አለችላቸው። «ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች የጠፉት ትተውት አይደለም፤ ከኔ ጋር ሐዘን ተቀምጠው ነው። የኔን ሐዘን እኔ በወጉ እጨርሳለሁ። የነሱን ፍራሽ ግን ዛሬ አንሥቻለሁ።»

ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቢሆንም ቁም ነገሩን አልሳቱም፦ «ጥሩ፣ ማን ያስተምራቸዋል?»

«እኔ» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጂኦግራፊ አይደለም እንዴ የተማርሽው? መንፋትስ ትችያለሽ?»

የአንተና የእማዬ ስምምነት ጣጣ ይኸው። ኖታ አነባለሁ፣ መንፋት አልችልም ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ኢብሳ ከኋላ «እሷ ታንብብልን፣ እኛ እንነፋለን!» ብሎ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እስከ ገና ጊዜ ሰጡን፤ ተማሪዎቹ በሰልፍ ወጥተው አንድ ማርሽ ሳይሳሳቱ ከነፉ ክፍሉ የሙዚቃ ሆኖ ይቀራል፣ ካልሆነ ታይፕ ይገባበታል። ቅዳሜ የመጣው መኪና የተሰበሩ ዴስኮችን ብቻ ጭኖ ሄደ።

እኔም ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ይቅርታ ጽፌ ቀረሁ። ጠዋት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ክፍልህ ውስጥ ነኝ። አልዋሽህም፣ አንዳንድ ቀን የድሬዳዋን መኪና ሳይ እግሬን ይበላኛል። ግን ሥራው ይዞኛል። ሦስት ሴት ልጆች ተመዝግበዋል፤ አንዷ ከከተማ ውጭ፣ ከድሬ ጠያራ፣ በእግሯ ነው የምትመጣው፣ የሳንባዋን ጉልበት ብትሰማ! እኔም ጥሩምባ መንፋት ጀምሬያለሁ፤ እማዬ ስትሰማ አንገቷን ከመነቅነቅ በቀር ምንም አትልም። ከእድሩ ሴቶች ሁለቱ አኩርፈዋታል። «ለሙት ዓመቱ ጠላ ሲቀዳ ይታረቁኛል» ትላለች። ማርሹን እስከ ገና እናደርሰው እንደሆነ አላውቅም። የምናደርሰው ይመስለኛል።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ ለሚጠራጠር ሰው ነው። የማደርገውን ግን ልንገርህ። ባለፈው ኢብሳን ጠርቼ፣ «እኔ ስሞት ሦስት ቀን ይበቃችኋል። በአራተኛው ቀን ክፍሉን ከፍታችሁ ንፉ» አልኩት።

«እትዬ፣ አንቺ እስክትሞቺ እኔ ጥርስ አይቀረኝም፤ ያለ ጥርስ ደግሞ ክላርኔት አይነፋም» አለኝ። «ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።»

ሲነግራቸው ካንተ እንዲጀምር ቃል አስገብቼዋለሁ፤ ከየት እንደመጣህ፣ ማንን እንዳስተማርክ፣ በምን እንደምትቆጣ። እኔም ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት የምነግረው ይህንኑ ነው።

ልጅህ ጽጌ