የኩባ ዘዬህን የፈራችው ጎረቤታችን

ተሾሜ፣ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ስለ አንዲት ሴት እርግጡን እስካውቅ ብዬ ነው።

ሲያትል ኦቴሎ ሰፈር ያለው አፓርታማችን እንደነበረ ነው። ልጃችን ሳሮን ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ከምትኖርበት ከሾርላይን ከተማ ተመልሳ አብራኝ ትኖራለች። አልጋው ላይ ግን አሁንም ያንተን ቦታ አልነካም።

ከላያችን የምትኖረውን የቬኔዝዌላ ሴት፣ ካርመንን፣ መቼም አትረሳትም። የገባች ሰሞን ሊፍት ውስጥ በስፓኒሽ ሰላም ስትላት ፊቷ አመድ መስሎ ፎቋ ሳይደርስ ወረደች። በልጅነትህ ኩባ ተልከህ የተማርከውን ቋንቋ የሚያወራ ሰው በማግኘትህ ደስ ብሎህ ነበር። "ምን አጠፋሁ?" እያልክ ስንት ቀን ተብሰለሰልክ!

አንተ ካረፍክ በኋላ ለቅሶ ሊደርስ ሰው ሲመጣ ካርመን መስኮቷ ላይ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን ደግሞ የእንግዶቻችንን ታርጋ በስልኳ ስታነሳ አየኋትና ክው አልኩ። በደርግ ጊዜ አባቴን ያስወሰደው ጎረቤታችን እንደነበር ታውቃለህ፤ እሱም የጀመረው ማን ገባ፣ ማን ወጣ በማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መጋረጃውን ዘጋሁ። የሚጠይቁኝንም ራቅ አድርጋችሁ ፓርክ አድርጉ አልኳቸው። ሳሮን "ማሚ፣ ፕሊስ ስቶፕ" ብትለኝም አልሰማኋትም።

በመጨረሻ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አገኘናት። ሳሮን ካንተ በለቀመችው ስፓኒሽ ለምን እንደምትከታተለን ጠየቀቻት። ሴትየዋ በሩን አየች፤ እኛን አየች።

"እናንተስ ለማን ነው የምትሠሩት?" አለች።

ሳሮን ስትተረጉምልኝ፣ ለካ እሷም እኛን ትጠረጥራለች! አገሯን አንድ ሰው ጠቅልሎ ከያዘ ወዲህ የተቃወመ ሁሉ ይታሰራል። ወንድ ልጇ ሰልፍ ወጥቶ ተወሰደ። የት አደረሳችሁት ብላ ስትሄድ ከመረመሯት አንዱ፣ መንግሥቷን ከሚያግዙት የኩባ ደህንነቶች ነው መሰል፣ በኩባ ዘዬ ነበር የሚናገረው። ልጇን ዳግም አላየችውም። እዚህ ሲያትል ያንኑ ዘዬ ካንተ አፍ ስትሰማ ተከትለውኝ መጡ አለች። ታርጋ የምታነሳውም ድንገት ብጠፋ ማን እንደወሰደኝ ይታወቅ ብላ ነው።

ወዲያው አላመንኳትም። በአምባገነን ሥር ያደገ ሰው ታሪክ መፍጠር ያውቅበታል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። ሳሮን ግን ሮጣ የኩባ ፎቶህን አመጣች፤ ቁምጣ ለብሰህ፣ ጉልበትህ ቆስሎ፣ የትምህርት ቤታችሁ ብርቱካን እርሻ ውስጥ ቆመህ። ካርመን አፏን ይዛ፣ "ሕፃን እኮ ነው" አለችና አለቀሰች።

ባለፈው እሑድ መቃብሩ ጋ ውሰዱኝ አለች። መኪና ውስጥ ሆኜም በመስታወቱ አያት ነበር፤ አልዋሽህም፣ ጥርጣሬ ቶሎ አይለቅም። ደርሰን ስትንበረከክ ፈንጠር ብለን ቆምን። በስፓኒሽ ብዙ አወራችህ። ሳሮን ልተርጉምልሽ ስትለኝ፣ ተዪው፣ ለአባትሽ የተባለ ነው አልኳት። ሚጌል የሚለውን ስም ግን ደጋግማ ስትጠራ ሰማሁ። የልጇ ስም ነው።

በሕይወት እስካለሁ አንተን በጸሎቴ ማንሳት አላቆምም። ከእንግዲህ ስምህን ስጠራ የሱንም አስከትላለሁ።

ያንተው አልማዝ